ፎቶውን ሳይሆን ጽሑፉን ላኩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን በኮምፒውተር ነገር የምረዳ ሠራተኛ ነኝ። ሲባል ትልቅ ሥራ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ቀኔ የሚያልቀው ፋይል ስከፍትና ስዘጋ፣ "ይሄኛውስ ያነባል?" ተብዬ ስጠየቅ ነው። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር አለ። አማርኛም ያነባል። በነፃም ይገኛል። የቸገረን ሊነበብ የሚችል ፋይል ነው።

ብዙ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለዋል። "ለአማርኛ እኮ ገና አልተሠራም" ይሉኛል። መምህራን ይሉኛል፣ የቢሮ ሰዎች ይሉኛል፣ አዲስ የገቡ ተማሪዎች ራሳቸው ይሉኛል። ተሠርቷል እኮ! ኤንቪዲኤ የሚባለውን የስክሪን ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ነው፤ እሱና ሌላው ዓይነ ስውር ጓደኛው ጄምስ ቴ አብረው አሳደጉት፤ ዛሬ ማንም ሰው ከኢንተርኔት አውርዶ አምስት ሳንቲም ሳይከፍል ይጭነዋል። ከእሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አውጪ አማርኛ ያውቃል። ድምፁ አያምርም፣ አልዋሽም፤ በቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ዓይናማ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ይስቃል። ተማሪዎቹ ግን አይስቁም። ፍጥነቱን ከፍ ያደርጉትና እኔ አንድ ቃል ሳልይዝ እነሱ ገጹን ጨርሰው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ለፍጥነት ከሚያምረው ድምፅ ይልቅ ይሄንኛውን ይመርጣሉ።

ለጆሮ የሚመች የሚፈልግ ደግሞ አለለት። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸው ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። በኤጅ ብራውዘር ጽሑፉን ከፍቶ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ነው፣ ማንበብ ይጀምራሉ። እነሱ ግን ያለ ኢንተርኔት አይናገሩም። ኢንተርኔት ማለት ዳታ ነው፣ ዳታ ደግሞ ብር ነው። ስለዚህ የእኛ ልጆች የዕለት እንጀራ አሁንም ያ ቆርቆሮው ነው።

"አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ማሽን እንዴት ያውቀዋል?" የሚሉኝ የቋንቋ ሰዎችም አሉ። ልክ ናቸው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ ማሽኑ ስለ ገና በዓል የተጻፈውን አላልቶ "ገና ነው" እንደሚባለው ሊያነበው ይችላል። ይሁንና አማርኛ አፉን የፈታበት ተማሪ ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፣ ፈገግ ብሎ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ከትምህርት የቀረ ተማሪ አላየሁም።

በፋይል ምክንያት ሲቀሩ ግን በየሳምንቱ አያለሁ።

አንዲት የሕግ ተማሪ አለች እንበል። መምህሯ ሃንድአውት ለቋል፣ የክፍል ተወካዩ ቴሌግራም ላይ ጭኖታል፣ እሷም አውርዳ ከፍታዋለች። ጆሮ ማዳመጫዋን ታደርጋለች፣ የታች ቀስቱን ትጫናለች፣ ኮምፒውተሩ "ብላንክ" ይላል፣ ባዶ ነው ማለቱ ነው። አሁንም ትጫናለች። "ብላንክ።" ገጽ ትቀይራለች፣ ያው ነው። በእኔ ዓይን ሲታይ ገጹ ጢም ብሎ በጽሑፍ ተሞልቷል። ለማሽኑ ግን ፎቶ ነው። የግድግዳ ፎቶም ይሁን የውል ሕግ ማብራሪያ ለእሱ ልዩነት የለውም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ያ ሃንድአውት የመጣበት መንገድ ነው። መምህሩ መጀመሪያ በዎርድ ጻፈው። ያኔ ጽሑፍ ነበር፤ ያን ፋይል በዚያው ቢልክላት ኖሮ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ግን አተመው። የታተመውን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጠው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ አባዛው። ተወካዩ ከተባዛው አንዱን ገዝቶ፣ አልጋው ላይ ዘርግቶ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳው፤ ጠርዙ ላይ አውራ ጣቱ ሁሉ ይታያል። ፎቶዎቹን በአንድ አፕ ሰብስቦ ፒዲኤፍ አደረጋቸውና ለቀቃቸው። ሶፍት ኮፒ ተብሎ! ይሄን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ የብዙ ሰው ገንዘብና ድካም ፈሶበት፣ መጨረሻ ላይ የመጣው ነገር መጀመሪያ ከነበረው የባሰ ነው። ዋናው ፋይል እዚያው መምህሩ ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጧል።

ያኔ እኔ ጋ ይመጣል። እኔም ምስሉን ወደ ጽሑፍ ለመመለስ እሞክራለሁ። ቴሰራክት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ የአማርኛ ፊደል ያነባል፤ ጉግል ዶክስም ምስል ሲሰጡት አማርኛውን ይለቅማል። ንጹሕ ሆኖ በቀጥታ ስካን የተደረገ ገጽ ከሆነ ጥሩ ይሠራሉ። አልጋ ላይ የተነሳ፣ ጥላ ያጠላበት፣ መሐሉ የተጣጠፈ ከሆነ ግን "በ" "ቡ" ይሆናል፣ "ሰ" "ስ" ይሆናል፣ አንዳንድ መስመር ጭራሽ ይጠፋል። የፊደላችን ልዩነት ትንሽ እግር ወይም ትንሽ ቅጥያ ናት፣ ፎቶ ላይ ቶሎ ትጠፋለች። ተማሪዋ ለነገ የምትፈልገውን እኔ ስለቅም ቀኑ ይመሻል።

የሕግ ተማሪን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ከምረዳቸው ውስጥ ሕግ የሚያጠኑት ብዙ ናቸው፣ ሕግ ደግሞ ከንባብ ሌላ ምን አለው? የነጋሪት ጋዜጣን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ገጹ ሁለት ዓምድ ነው፤ በአንዱ በኩል አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የድሮ አዋጅ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ስካን ነው። ያን ወደ ጽሑፍ ስንመልሰው ፕሮግራሙ ዓምዱን ካልለየ አንዱን የአማርኛ መስመር ያነብና ወደ እንግሊዝኛው ይሻገራል፣ ተመልሶ ሁለተኛውን የአማርኛ መስመር ይይዛል። አንድ አንቀጽ ሁለት ቋንቋ ሆኖ ተጎንጉኖ ይወጣል። እስቲ በጆሮ ብቻ እየሰማችሁ ከዚያ ውስጥ ግዴታና መብት ለዩ!

ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ እንዴት እንደሚቀል ልንገራችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 ቁጥሮች አሉት። ጽሑፍ ሆኖ የተዘጋጀ ቅጂ ያላት ተማሪ ኮንትሮልና ኤፍ ተጭና 1675 ብላ ትጽፋለች፣ የውል ትርጉም ላይ ቁጭ ትላለች። እኔ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ ገጹን ሳልገልጥ እሷ አንብባ ጨርሳለች። ፋይሉ ላይ ርእሶቹ በዎርድ የርእስ ስታይል ከተሠሩማ በአንድ ቁልፍ ከርእስ ወደ ርእስ እየዘለለች ትሄዳለች። ርእስን ፊደሉን በማወፈርና በማስመር ብቻ ስንሠራው ግን ለዓይን እንጂ ለማሽኑ ርእስ አይደለም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ጅረት ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚነበበው።

ሌላው ጣጣ የድሮ ፎንት ነው። ይሄ ተንኮለኛ ነው ምክንያቱም ፋይሉ ዎርድ ነው፣ ፎቶ አይደለም፣ በዓይን ሲታይም የጠራ አማርኛ ነው። ውስጡ ግን አማርኛ የለም። ዩኒኮድ ከሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክቶችን የአማርኛ ቅርፅ አልብሰው ነበር የሚያሳዩን። ማሽኑ ልብሱን አያይም፣ ውስጡን ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ያንን ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ፐርሰንትና ዶላር እያለ ያወርደዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎታል። በየቢሮው ግን ጸሐፊዋ የለመደችው ፎንት ስለሆነ ተብሎ ዛሬም በድሮው የሚጻፍ ሞጁል ይደርሰኛል። ሙሉ መጽሐፍ የሚያህል! የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ እጠቀማለሁ፣ ግን ሠንጠረዥና የግርጌ ማስታወሻ ላይ ሲደርሱ ይዘባርቃሉ።

ትናንሽ የሚመስሉ ልማዶቻችንም ጆሮ ላይ ሲደርሱ ትልቅ ናቸው። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ ደርድሮ ያስመስለዋል። ለዓይን ያው ነው። ማሽኑ ግን የዐረፍተ ነገር ማለቂያ መሆኑን ላያውቅለት ይችላል፣ ስለዚህ ትንፋሽ ሳይወስድ ከአንዱ ሐሳብ ወደሌላው ይነጉዳል። ምህፃረ ቃል ደግሞ አለላችሁ። የሕግ ጽሑፍ ውስጥ "ፍ/ብ/ሕ/ቁ" የምትል ነገር፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር ለማለት፣ በየመስመሩ ናት። ኤንቪዲኤ እያንዳንዷን ጭረት "ስላሽ" ብሎ ይጠራታል፤ ፍ ስላሽ፣ ብ ስላሽ፣ ሕ ስላሽ፣ ቁ። አንድ ገጽ ላይ ሃያ ጊዜ ስትሰሙት ራስ ምታት ነው። ምልክት እንዳይጠራ ማድረግ ይቻላል፣ ያኔ ግን ሕግ ላይ ትርጉም ያላቸው ምልክቶችም አብረው ይጠፋሉ። ቢያንስ መጀመሪያ ላይ ሙሉውን መጻፍ ምን ይከብዳል?

ሶፍትዌሩ ሳይኖር ወይም ፋይሉ እምቢ ሲል ተማሪው የሚሄደው ወደ ሰው አንባቢ ነው። ይሄን ያላየ አይረዳውም። ጓደኞቻቸው ደጎች ናቸው፣ ቁጭ ብለው ሰዓታት የሚያነቡላቸው አሉ፣ ምስጋናው ይድረሳቸው። ነገር ግን ፈተና ሲደርስ ሁሉም የራሱን ያነባል። ልክ በዚያች በምትፈለገው ሳምንት አንባቢ ይጠፋል። ስልክ ይደወላል፣ ዶርም ለዶርም ይዞራል፣ "ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ" ተብሎ ይለመናል። ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት የራሱን ሃንድአውት ለማንበብ ሲለምን ማየት ያሳፍራል፣ እሱን ሳይሆን እኛን። ደግሞ አንባቢው ሰው ነው፣ ይደክመዋል፣ ይዘላል፣ "ይሄ ብዙም አያስፈልግህም" ብሎ አንቀጽ ያልፍለታል። ከዚያ ላይ ፈተና ይመጣበታል። የውጤት ማስታወቂያ እንኳ በፎቶ ስለሚለጠፍ የልጁን ውጤት ሌላ ሰው ቀድሞ ያየዋል።

መምህራንን "ዎርዱን ላኩልኝ" ስላቸው አብዛኞቹ ወዲያው ይልካሉ፣ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ እንጂ ክፋት የለባቸውም። እምቢ የሚሉትም ግን አሉ። "ኖቴን ያሰራጩብኛል" ይላሉ። ጌታዬ፣ ፎቶው እኮ ቴሌግራም ላይ ለሺዎች ደርሷል። መሰራጨቱንስ ተሰራጭቷል፣ ማንበብ ያልቻለችው ይህቺ አንድ ልጅ ብቻ ናት። "ይቀይሩብኛል" የሚሉም አሉ። እሺ፣ ዎርዱ ይቅርና ከዎርዱ ውስጥ ሆነው በቀጥታ ፒዲኤፍ ብለው ያስቀምጡት፤ እንዲህ የተሠራ ፒዲኤፍ ጽሑፉን እንደያዘ ነው፣ ማሽኑ ያነበዋል። አትሞ ስካን ማድረግና ከኮምፒውተሩ በቀጥታ ፒዲኤፍ ማድረግ ሁለቱም ስማቸው ፒዲኤፍ ይሁን እንጂ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ቢሮዎች ጋ ደግሞ ማኅተም አለ። ማስታወቂያ ያለ ማኅተም ማስታወቂያ አይደለም። ስለዚህ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ይመታበታል፣ ስካን ይደረጋል፣ ይለቀቃል። እኔ ማኅተሙን አልቃወምም፣ አገሩ የለመደው ነው። ስካኑን ለመዝገብ አስቀምጡት፣ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ግን ከሥሩ ጽሑፉን ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ጸሐፊዋ ዘንድ ተጽፎ አለ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ፋይላችሁ ይነበብ አይነበብ ለማወቅ እኔን መጠየቅ አያስፈልግም። ክፈቱት፣ በዓይናችሁ የምታዩትን አንድ የአማርኛ ቃል በመፈለጊያው በአማርኛ ኪቦርድ ጻፉና ፈልጉት። ካላገኘው ወይ ፎቶ ነው ወይ የድሮ ፎንት ነው። አንድ መስመር ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ አማርኛ ሆኖ ከወጣ ማሽኑም ያነበዋል፣ ዝብርቅርቅ ካለ እኛም ጋ እንደዚያው ነው።

የአሳታሚዎችን ነገር በአጭሩ ልለፈው። "የደራሲው መብት ይነካል" ተብሎ መጽሐፍ በጽሑፍ መልክ አይሰጠንም። እ.ኤ.አ. በ2013 ማራካሽ ላይ የተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ ማየት ለተሳናቸውና የታተመ ነገር ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች የተመቸ ቅጂ ለማዘጋጀት የባለመብቱ ፈቃድ የግድ እንዳይሆን በር የሚከፍት ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀብላዋለች። በሩ ተከፍቷል፣ የሚገባበት ቅጂ አዘጋጅ ተቋም ነው የጎደለው። ዩኒቨርሲቲዎች ተስማምተው አንዱ ያዘጋጀውን ለሌላው ቢሰጡ እንኳ እኔና በየግቢው ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ አንዱን መጽሐፍ እየደጋገምን አንለቅምም ነበር።

እና ደግሞ ይሄ የዓይነ ስውራን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያው እንግሊዝኛ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀምር የታተመው መጽሐፍ አልዳረስ ብሎ ስንቱ ልጅ ፒዲኤፍ በስልኩ ይዞ ሲማር ነበር። ያን ፒዲኤፍ ስልኩ እያነበበለት በዓይኑ የሚከተል ልጅ የቃሉን አጠራርና አጻጻፍ አንድ ላይ ይይዛል። ፊደል የሚምታታባቸው፣ ጎበዝ ሆነው ሳለ "ሰነፍ" የሚባሉ ልጆችም አሉ፤ ለእነሱ ከጆሮ የመጣው ቶሎ ይገባል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ተጀምሯል። ጥያቄው ስክሪን ላይ ከመጣ ዘንድ ከመነሻው ጽሑፍ ሆኖ ይዘጋጅ፣ ሥዕልና ግራፍ ካለም ምን እንደሚያሳይ በቃል ይጻፍለት። ፈተናው ካለቀ በኋላ ማስተካከል ለተፈታኙ ምንም አይፈይድለትም።

ወደ እናንተ ልምጣ፣ አትቀየሙኝ። በዕለተ እትማችሁ የምትለቁትን ፒዲኤፍ ሞከርኩት። የፊት ገጹ ርእስ ምስል ነው። ውስጥ ያለው ጽሑፍ ሲቀዳ የተምታታ ፊደል ይወጣል። ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይም ብዙ ዜና የሚለጠፈው ፎቶ ላይ ተጽፎ ነው፣ ከሥሩ ያለው "ዝርዝሩን ከምስሉ ያንብቡ" የምትል መስመር ናት። የእኛ ተማሪዎች ጋዜጣ ይወዳሉ፣ በተለይ የፍርድ ቤት ዜናና የአስተያየት ገጽ። ገጽ ሠሪዎቻችሁ የሚቀበሉት ጽሑፍ ከሪፖርተሩ የሚመጣው በዩኒኮድ ተጽፎ ይመስለኛል። ያንኑ እንዳለ ቻናሉ ላይ ብትለቁት በቂ ነው። አዲስ ዲዛይንም፣ አዲስ በጀትም አንጠይቅም። እምቢ የሚያሰኝ ምክንያት ካለም በዚሁ ዓምድ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል፤ ምናልባት እኔ የማላውቀው የማተሚያ ቤት ችግር ይኖር ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ በዎርድ ፋይል አያይዤ ልኬዋለሁ። ስታወጡት በጽሑፍ አውጡልኝ፣ ተማሪዎቼ ራሳቸው ሊያነቡት ይፈልጋሉ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ